ወፏ የነገረችን፦ ከጎጃም አውጫጭኝ እስከ ቴሌቪዥኑ መርማሪ

“ማን ሰረቀ? ማን ገደለ?” የሚለው ጥያቄ ዕድሜው ከቴሌቪዥን ይበልጣል፤ ከልብ ወለድ መጽሐፍም ይበልጣል። የሰው ልጅ ከጎረቤቱ ጋር አጥር ተካልሎ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ በሬ ከበረት ሲጠፋ፣ አንድ ጎተራ ሌሊት ሲጋይ ይህ ጥያቄ ይነሣል። ማታ ማታ ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የወንጀል ምርመራ ድራማ የሚከታተለው የከተማ ሰው፣ አያቶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ይጠይቁት የነበረውን ጥያቄ ነው መልሶ የሚጠይቀው።

የዚህ ዓይነት ድራማ አፍቃሪዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ጥይት ካልተንጣጣ፣ መኪና ካልተገለበጠ፣ ደም ካልፈሰሰ ያየ አይመስለውም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ረጋ ያለውን ይመርጣል። ትንሽ ከተማ ወይም መንደር፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች፣ ጠመንጃ የማይመዝና ሰው የማወቅ ችሎታ ያለው አንድ መርማሪ ይበቃዋል። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ወገን ነው። ምን ቢያይ እንደሚሻለው እንነግረዋለን። ከዚያ በፊት ግን ወደ ጎጃም ደጋ፣ ወደ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ጎራ ማለት አለብን። ምክንያቱም እነዚህ ድራማዎች እንደ ጥበብ የሚያሳዩን ነገር፣ ማለትም ሰውን በማወቅ ወንጀልን ማወቅ፣ በዚያ አገር የመንደር ሥርዓት ነበር። ስሙም አውጫጭኝ ይባላል።

መርማሪው መንደር

ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ ሲደፉ የንጉሡ መቀመጫ ይህችው ከተማ ነበረች። ግብሩም ችሎቱም እዚያ ነው። ከግቢው ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ግን ፖሊስ የለም፣ የጣት አሻራ የሚያነሣ የለም፣ ሬሳ የሚመረምር ሐኪም የለም። ያለው ጭቃ ሹሙ፣ መልከኛውና ሕዝቡ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ እንዲሁ ሕዝብ አልነበረም። የደጋ ገበሬ የጎረቤቱን ከብት እንደ ጎረቤቱ ልጆች ለይቶ ያውቃል። የማን በሬ ቡሬ እንደሆነ፣ የማን ላም ዳልቻ፣ የማን ወይፈን ቀንዱ የተቀለበሰ መሆኑን ለመናገር ማሰብ አያስፈልገውም። ሌሊት የጮኸው የማን ውሻ እንደሆነ በድምፁ ይለየዋል። ማን ከማን ጋር በድንበር እንደተጣላ፣ ማን ዕዳ እንደገባ፣ ማን ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ከአቅሙ በላይ ገዝቶ እንደተመለሰ ያውቃል። ጭቃ ላይ የታተመ ኮቴ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያነብባል። ከዚህ የሚበልጥ የምርመራ መዝገብ የት ይገኛል?

አውጫጭኝ ይህን በየሰው ልብ ተበትኖ ያለ ዕውቀት ወደ አደባባይ ለማምጣት የተዘጋጀ ሥርዓት ነው። ቃሉ ራሱ “ማውጣት” ከሚለው የተገኘ ይመስላል። በሸዋ በኩል ተመሳሳዩ ሥርዓት አፈርሳታ ይባል ነበር። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ወንጀለኛው ያልታወቀ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ሲደርስ ተበዳዩ ለሹሙ አቤት ይላል። ሹሙ ቀን ቆርጦ የአካባቢውን ነዋሪ በአንድ ሜዳ ያሰባስባል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ከመቀጮውም በላይ መቅረቱ ራሱ ጥርጣሬ ይስባል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ነዋሪው እየማለ ያየውን፣ የሰማውንና የጠረጠረውን እንዲናገር ይጠየቃል።

የምርመራው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጎረቤቱ ላይ በአደባባይ መመስከር የሚፈራ ሰው አለ። ነገ አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ዕድር ይበላል፣ ልጅ ለልጅ ይጋባል፤ ከዚያም አልፎ የሌባው ወንድሞች ጠመንጃ አላቸው። ስለዚህ የሚያውቀውን ለሽማግሌዎቹ በምስጢር ሹክ ይላል። የነገራቸው ሰው ስሙ አይጠራም፤ ስሙ ወፍ ነው። ዛሬ ምንጫችንን ለመደበቅ ስንፈልግ “ወፍ ነገረችኝ” የምንለው ነገር በአውጫጭኝ ሜዳ ቀልድ አልነበረም፤ የሥርዓቱ ዋና አገልጋይ ነበር።

ወፏ ዝም ካለችስ? ያን ጊዜ ስብሰባው በቀጠሮ ይደጋገማል። የእርሻ ወቅት ይሁን፣ የአጨዳ ወቅት ይሁን ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ይመላለሳል። በመጨረሻም ጥፋተኛው ካልተገኘ ነዋሪው በሙሉ የጠፋውን ንብረት አዋጥቶ ይከፍላል። የዚህን ብልሃት ልብ በሉ። ሌባውን መደበቅ ዋጋ እንዲኖረው ተደርጓል። ጎረቤቱን ላለማስቀየም አፉን የያዘ ሰው ከኪሱ ይከፍላል፤ ሥራ ፈትቶ ሜዳ ላይ ይውላል። በሌላ አነጋገር ዝምታ ራሱ ግብር ይጣልበታል።

የአጋታ ክሪስቲን መጻሕፍት ያነበበ ወይም በፊልም ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ቤልጅማዊው መርማሪ ሄርኩል ፖዋሮ በታሪኩ መጨረሻ ምን ያደርጋል? ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ይሰበስባል፤ በሩ ይዘጋል፤ እያንዳንዱ የደበቀው ነገር አንድ በአንድ ይወጣል። ይህ እኮ ጣሪያ የተበጀለት አውጫጭኝ ነው።

ወፏ ብትዋሽስ?

ይሁንና የአያቶቻችንን ሥርዓት ለማወደስ ብቻ ታሪክ አይጻፍም። ፖዋሮ ሳሎኑ ውስጥ የሚያደርገውንና በሜዳው ላይ የማይደረገውን አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። ፖዋሮ “ገዳዩ አንተ ነህ” ካለ በኋላ እንዴት እንዳወቀ በሁሉም ፊት ያስረዳል። የቆመው ሰዓት፣ የተቃጠለው ወረቀት፣ የማይገጥመው ሰበብ በተከሳሹ ፊት ይዘረዘራል። ተከሳሹም መልስ ካለው ይመልሳል።

የአውጫጭኝ ወፍ ግን አትታይም። ስሙ የተጠቆመበት ሰው ማን እንደጠቆመው አያውቅም፤ ስለዚህ ጠቋሚው የድሮ ቂመኛው መሆኑን ሊያስረዳ አይችልም። በድንበር የተጣላ ሰው፣ በርስት የሚከራከር ዘመድ፣ ዕዳውን መክፈል ያልፈለገ ተበዳሪ ሁሉ ወፍ መሆን ይችላሉ። መንደር የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የሚጠላውም ብዙ ነው። ድሀው፣ መጤውና ዘመድ የሌለው ሰው ቀድሞ ይጠረጠራል። ጥፋተኛው ባለመገኘቱ ሁሉም የሚከፍል ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ጠበቃ የሌለውን ሰው ሰጥቶ መገላገል የሚያጓጓቸው አይጠፉም። ሥርዓቱ ዕውቀት ነበረው፤ ዕውቀቱን በብርሃን የሚያስፈትንበት መንገድ ግን ጠባብ ነበር።

ከዚህ የባሰው ሌላው ሥርዓት ነው። ሌባሻይ ይባላል፤ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። አንድ ልጅ ይመጣና ምስጢሩን የመድኃኒቱ ባለቤት ብቻ የሚያውቀው ነገር ይሰጠዋል፤ ያጠጡታል፣ ያጨሱታል። ልጁ ይሰክራል፤ ራሱን ይስታል። ከዚያም ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ይከተለዋል። ልጁ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውንም ይከፍላል። ገመዱን የያዘው ሰው እጁ ወዴት እንዳዘነበለ ማን ያየዋል? በር ላይ ቆሞ የሚያየው ምስኪን “እኔ አይደለሁም” ቢል ማንን ይጠይቃል? ልጁ ሲነቃ የሠራውን አያስታውስም፤ የመድኃኒቱ ባለቤት ደግሞ “ልጁ እንጂ እኔ ምን አልኩ” ይላል። ተጠያቂ የሌለበት ፍርድ ማለት ይህ ነው።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ልዩነታቸው ይጎላል። አውጫጭኝ ዕውቀት ነበረው፤ ማስረጃውን ግን ይደብቃል። ሌባሻይ ትርኢት ነበረው፤ ሁሉም እያየ ይከናወናል፤ ዕውቀት ግን በውስጡ የለም። ሌባሻይ በራስ ተፈሪ የአልጋ ወራሽነት ዘመን ተከለከለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ካስቀሯቸው መጥፎ ልማዶች ጋር አንሥተውታል።

በላ ልበልሃ

የአገራችን ሙግት በዚህ ብቻ የሚወከል ከሆነ ግን ጎጃምን በደልናት። ተከሳሹ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሌላ ዓለም ነው። በላ ልበልሃ የሚባለው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ኩታቸውን እንደ ወጉ አጣፍተው፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው የሚመልስበት፣ የሚወራረዱበት የአደባባይ ትግል ነበር። ማር ወይም በቅሎ እየተባለ ውርርድ ይያዛል። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ሲከራከር ለማየት መንገደኛ ሳይቀር ይቆማል። ተሟጋቾቹ እንዳይጠፋፉ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ይሆናሉ፤ ተበዳይና በዳይ አብረው እየሄዱ ዳኛ ይፈልጋሉ። “የዕድሜ ልክ ቁራኛዬ ሆነ” የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን ሙግት ከወፏ ሹክሹክታ የሚለየው ምንድን ነው? እዚህ የሚናገረው ሰው ይታያል። ቢዋሽ ፊቱ ይታያል፤ ሲንተባተብ ይሰማል፤ ተቃዋሚው ጥያቄ ይወረውርበታል። ባህርይ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። አስቡት፤ የወንጀል ምርመራ ድራማ ሁለት እናቶች አሉት። አንዷ አውጫጭኝ ናት፤ ዕውቀቱን ትሰጣለች። ሁለተኛዋ በላ ልበልሃ ናት፤ ዕውቀቱን በፊት ለፊት ታስፈትናለች።

ዘመናዊው ሕግ መጥቶ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954 ዓ.ም. ታወጁ። በሁለተኛው ሕግ መሠረት ምርመራው የፖሊስ ሆነ። የተያዘው ሰው ለፖሊስ ጥያቄ ያለመመለስ መብት እንዳለው ተጻፈ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበትም ተደነገገ። በሜዳው ላይ ዝም ያለ ሰው ይቀጣ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ ዝምታ መብት ሆነ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። አዲሱ ሕግና አዲሱ መስኮት የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

ምን እንይ?

አሁን ወደ ገባነው ቃል እንመለስ። ከላይ ካነሣነው ታሪክ አንድ መመዘኛ ይወጣል። ጥሩ የምርመራ ድራማ መርማሪው ሰውን በማወቅ የሚደርስበት፣ ከዚያም እንዴት እንደደረሰበት በሁላችንም ፊት የሚያስረዳበት ነው። በዚህ ሚዛን ለሰነፍ እሑድና ለረጅም ክረምት ማታ የሚሆኑትን እነሆ።

ቀዳሚዋ ሚስ ማርፕል ናት። አጋታ ክሪስቲ የፈጠረቻት ይህች የገጠር አሮጊት ሹራብ እየሠራች ታዳምጣለች። የምርመራ ዘዴዋ አንድ ነው፤ ተጠርጣሪውን በመንደሯ ከምታውቀው ሰው ጋር ታመሳስለዋለች። “ይህ ሰው የሥጋ ሻጩን ልጅ ያስታውሰኛል” ዓይነት አነጋገሯ በመጀመሪያ ያስቃል፤ በኋላ ግን ነፍሰ ገዳይ ያስይዛል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1992 ጆአን ሂክሰን የተጫወተችባቸው 12 ታሪኮች ለጀማሪ የሚሆኑ ናቸው። ጎጃም ደጋ ያደገ ሰው ሚስ ማርፕልን ሲያይ ባዕድ አትሆንበትም። እንዲህ ያለች እማማ በየመንደሩ አለች፤ ሁሉን ታያለች፣ ማንም አያያትም።

ፖዋሮን ማየት የሚፈልግ ዴቪድ ሱሼይ የተጫወተውን ይፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2013 ድረስ 70 ክፍሎች ወጥተዋል። የሳሎኑን ስብሰባ ሲያይ አውጫጭኙን ያስብ። ተከሳሹ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ማግኘት አለማግኘቱንም ልብ ይበል።

ሦስተኛው አሜሪካዊው ኮሎምቦ ነው። ፒተር ፎክ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ለመጨረሻ ጊዜ በ2003 ተጫውቶታል። ኮሎምቦ የተጨማደደ ካፖርት የሚለብስ፣ አመዱን የሚያራግፍበት የሚያጣ፣ ስለ ማናያት ሚስቱ የሚያወራ ሰው ነው። ገዳዩን ተመልካቹ ከመነሻው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው “ማን ነው?” ሳይሆን “እንዴት ይረታዋል?” ነው። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ሀብታም፣ የተማረና ኮሎምቦን የሚንቅ ነው። እርሱ ግን ሊወጣ ደጃፍ ደርሶ ተመልሶ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ የበላ ልበልሃ ልጅ ነው፤ ተቃዋሚውን በራሱ ቃል ያስረዋል።

ከአፍሪካ ማየት የሚወድ የቦትስዋናዋን ማ ራሞትስዌን አያልፋት። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ከጻፋቸው ልብ ወለዶች የተወሰደው ድራማ እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 በ7 ክፍሎች የቀረበ ሲሆን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ጂል ስኮት ናት። ማ ራሞትስዌ አባቷ የተዉላትን ከብት ሸጣ የምርመራ ቢሮ ከፈተች። የምትመረምረው ብዙውን ጊዜ ግድያ አይደለም፤ የሚዋሽ ባል፣ የጠፋ ልጅ፣ አባት ነኝ ባይ አጭበርባሪ ነው። ከብት የሰው ሀብትም የሰው ክብርም በሆነበት አገር የተወለደ ተመልካች የዚህችን ሴት ሽያጭ ዋጋ ሳይነግሩት ይረዳዋል።

የታሪክ ወዳጅ ከሆነ ደግሞ ከ2002 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የቀረበውን የእንግሊዙን የፎይልን ድራማ ይመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አገር በቦምብ ስትደበደብ አንድ የጠረፍ ከተማ መርማሪ የአንድ ሰው ሞት ለምን እንደሚያስጨንቀው ይጠየቃል። መልሱን በሥራው ይሰጣል። በጦርነት ጊዜ የሰው ሞት ቁጥር በሚሆንበት ሰዓት፣ አንዱን ሟች በስሙ መጥራት ትንሽ ነገር አይደለም። ይህን ለማስረዳት ለእኛ አንባቢ ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ከእኛስ?

“የእኛው የት አለ?” የሚል አንባቢ ትክክል ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ረገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን እየተረጎሙ አንድ ትውልድ አስነብበዋል፤ ይልማ ሀብተየስም በወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ስማቸው ይነሣል። በቴሌቪዥን በኩል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሰው ለሰው ሲቀርብ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን ያህል መንገድ እንዳስወራ የሚረሳ የለም። ተመልካቹ የአስናቀን ክፋት እያወቀ “መቼ ይያዛል?” እያለ በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ይህ ጉጉት የኮሎምቦ ጉጉት ነው። ነገር ግን የድራማው ልብ ክፉውና ተበዳዮቹ ላይ እንጂ መርማሪው ላይ አልነበረም።

እስቲ አንድ ደራሲ ይህን ያስብ። ቦታው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ፣ ከበስተ ጀርባው ጮቄ ተራራ። ዘመኑ 1954 ዓ.ም.፣ አዲሱ ሕግ ገና ከመታወጁ። አንድ ጎተራ ይቃጠላል። ከከተማ የመጣ ወጣት ፖሊስ የሕግ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ “ተጠርጣሪው ያለመናገር መብት አለው” ይላል። ጭቃ ሹሙ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰብስበው “ዝም ያለ ይቀጣል” ይላሉ። ፖሊሱ ሕጉን ያውቃል፤ ሰዉን አያውቅም። ጭቃ ሹሙ ሰዉን ያውቃሉ፤ ማስረጃ ማሳየት ግን ልማዳቸው አይደለም። በመካከላቸው አንድ ባለዕዳ መጤ ስሙ ተጠቁሞ ቁጭ ብሏል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይታወቅም። ይህን ሰው ለማዳን ሁለቱ አንዳቸው ከአንዳቸው መማር አለባቸው። ጥይት አያስፈልግም፤ መኪና መገልበጥ አያስፈልግም፤ እጅግ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ሰው የሚያውቅ ጸሐፊ ነው።

ጉዳዩ የድራማ ብቻ እንዳይመስለን። ወፏ አልሞተችም። ዛሬ በስልክ ትመጣለች፤ ስም የሌለው ጽሑፍ ሆና፣ ፎቶግራፍ አስከትላ፣ “ሌባው ይኸውላችሁ” ትላለች። ተቀባዩም ማን እንዳለ ሳይጠይቅ ለሚቀጥለው ያሳልፋል፤ ገመዱ የታሰረበት ልጅ እየተንገዳገደ ከበር ወደ በር እንደሄደው ሁሉ ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ አንዱ ቤት ገብቶም ይተኛል። የዚያ ቤት ባለቤት ዛሬም መልስ የሚሰጥበት ሜዳ የለውም።

ረጋ ያለውን የምርመራ ድራማ የሚወድ ሰው ጊዜውን ያባክናል የሚሉ አሉ። እንደዚያ አይደለም። ሚስ ማርፕል ሹራቧን አስቀምጣ “እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ” ስትል ሁሌም የምናዳምጣት፣ ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንድንለምድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት ወፍ አንድ ስም ይዛ ስትመጣ፣ ስሙን ከመቀበላችን በፊት እንዴት እንዳወቀች እንጠይቃት።